መሰንቆውን ማን ቃኘው?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሌላው ሁሉ በኋላ እንደሚሰማ ለማመልከት የተነገረ ተረት ነው። እኔ ግን ባለፈው ጥር ሱሉልታ በተጠራሁበት ሠርግ ላይ ተረቱ ቃል በቃል ሲፈጸም አየሁት።

ከድንኳኑ ፊት ለፊት ሁለት የሰው ቁመት የሚያህሉ ስፒከሮች ተገትረዋል። በመካከላቸው ኪቦርድ፣ ከኪቦርዱ ጎን ደግሞ ዕድሜው ከሃያ ሦስት የማያልፍ ባለመሰንቆ ቆሟል። ከመሰንቆው ቆዳ ላይ ትንሽ ማይክሮፎን በፕላስተር ተለጥፋለች። ልጁ ጥሩ ድምፅ አለው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይጫወታል፤ ጨዋታ አዋቂም ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ሰው ሞቅ ሲለው፣ ከድንኳኑ ጥግ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና እጃቸውን ዘርግተው «ተቀበል!» አሉ።

አንባቢያን እንደምታውቁት ይህ ቃል የአዝማሪ ጨዋታ እምብርት ነው። አድማጭ ከመቀመጫው ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ቤቱ ሰምና ወርቁን ለይቶ ሲደርስበት ይስቃል ወይም ይተክዛል። ሽማግሌው ስንኛቸውን ሰጡ። ልጁ የመጀመሪያውን መስመር ተቀበለ። ሁለተኛውን ግን ለመስማት አንገቱን ቢያሰግግም፣ ጆሮውን በእጁ ቢከልልም አልሆነለትም። ኪቦርዱ ላይ የተሞላው ምት አይጠብቅማ! ባለኪቦርዱ አንገቱን አቀርቅሮ ስልኩን እየነካካ ነበር። ልጁ ሁለት ጊዜ «እ?» ካለ በኋላ የቀረውን በራሱ ፈጠራ ሞልቶ ወደ ጭፈራው ገባ። ድንኳኑ በእስክስታ ተናወጠ። ሽማግሌው ተቀመጡ።

ዕረፍት ላይ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ እዚያ ጩኸት መካከል መሰንቆውን እንዴት እንደሚሰማው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መሰንቆዬን የምሰማው በጣቴ ነው» አለኝ። የለመደው ነገር ስለሆነ አላዘነበትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሦስት ከተሞች እየተዘዋወርኩ ያዳመጥሁትን ሁሉ በዚህ አነጋገር መመዘን ጀመርኩ።

ክሱ ማን ላይ ነው?

ስለ ባህላዊ ሙዚቃና ስለ ወጣቶች የሚጻፈው አብዛኛው ሐተታ በአንድ ለቅሶ ይጀምራል፤ «ወጣቱ ባህሉን ረሳ» በሚል። በበኩሌ ይህን ለቅሶ አላለቅስም፤ ያየሁት ሌላ ነውና። አዲስ አበባን ከበው በቆሙት ከተሞች፣ ማለትም በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ በሚገኘው ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ባለው ቡራዩና በጅማ መንገድ ላይ ባለው ሰበታ፣ ክራርና መሰንቆ የሚይዙ ልጆችን ለማግኘት ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። ሠርግ አለ፣ ምረቃ አለ፣ የሆቴል ምሽት አለ። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው በፊትም ከመሐል አዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው ሰው፣ ከሰላሌና ከሜጫ የመጣው፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጣው፣ ከጉራጌ የመጣው አንድ ላይ የሰፈረባቸው ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድግ ልጅ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ዘፈን ይሰማል። ሙዚቃ እጥረት የለበትም።

ሁለተኛው የተለመደ ክስ «ቀላቀሉት» የሚለው ነው። መሰንቆ ከኪቦርድ፣ ክራር ከቤዝ ጊታር ጋር መሰለፉ ለብዙዎች ነውር ነው። ከዚህኛውም ክስ ጋር አልስማማም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጥያቄዬም አጭር ነው፦ ሙዚቃውን የሚቃኘው ማን ነው? የሚያዳምጠውስ ማን ነው?

አንድ ክርና አሥራ ሁለት ቁልፍ

የመሰንቆ ክር አንድ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ። ደጋኑም እንዲሁ የጭራ ነው። የተጫዋቹ ጣት ክሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር አጣብቆ አይጫነውም፤ በጎን ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ በመሰንቆ ላይ በአንድ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል የተሰመረ ድንበር የለም። ጣት ትንሽ ስትንሸራተት ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል። አዝማሪው ሲዘፍን ጉሮሮው የሚያደርገውን ሁሉ መሰንቆው ሊከተለው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲያቃስት ያቃስታል፤ ሲሳለቅ ይሳለቃል።

ኪቦርድ ከዚህ የተለየ ፍጥረት ነው። በእያንዳንዱ ኦክታቭ ውስጥ አሥራ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ ርቀታቸውም እኩል ተለክቶ የተቀመጠ ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት የሚጫወት ሰው ከነዚህ ውስጥ አምስቱን መርጦ ሊጫወት ይችላል፤ ይጫወታልም። ነገር ግን ጥሩ ድምፃዊ ትዝታ ሲያዜም ሁልጊዜ በቁልፉ ልክ አያርፍም። አንዳንዱን ድምፅ ከፍ፣ አንዳንዱን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዱን ደግሞ ከታች እየጎተተ ነው የሚደርስበት። ያቺ ትንሽ ልዩነት የትዝታው ትዝታነት ናት።

ድሮ አዝማሪ መሰንቆውን የሚቃኘው በራሱ ጉሮሮ ልክ ነበር። ድምፁ የደከመ ዕለት ዝቅ፣ የበረታ ዕለት ከፍ ያደርገዋል። ሱሉልታ ያገኘሁት ልጅ ግን መሰንቆውን የሚቃኘው ባለኪቦርዱ በሚሰጠው አንድ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ለድምፁ ከፍ ይልበታል። ስለዚህ ማታ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ደግሞ ቃሉ አይለይም። በዚህ ላይ ጣቱ ከቁልፉ ድምፅ ወጣ ስትል ስፒከሩ ውስጥ «ስሕተት» ሆና ትሰማለች። ልጁም መንሸራተቱን እየተወው ይሄዳል። በአንድ ወቅት ጥበብ የነበረው ነገር በዚህ መንገድ ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል።

በፍትሕ እንናገር ከተባለ ግን መሣሪያው ጥፋት የለበትም። ኪቦርድ አጠቃላይ ድምፁን በአንድ ንክኪ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ የሚያወርድና የሚያወጣ ቁልፍ አለው። ለድምፃዊው ጉሮሮ ማስተካከል ይቻላል። ምቱን ማቆምም ይቻላል፤ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። «ተቀበል!» ሲባል ያቺን ጣት የሚያነሳ ሰው ጠፋ እንጂ።

ለመታየት የሚያዝ ክራር

ቡራዩ የሄድኩት አንድ የወጣቶች ቡድን ልምምድ ለማየት ነው። አሥራ አራት ልጆች ናቸው፤ ሁለት ክራር፣ አንድ መሰንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ ከበሮና ኪቦርድ አላቸው። ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ ሰባት ጭፈራ አሳዩኝ። የጎጃሙ እስክስታ ሦስት ደቂቃ፣ የጉራጌው ሦስት ደቂቃ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ። ልብስ የሚቀይሩበት ፍጥነት ያስደንቃል።

ኦሮምኛው ላይ ሲደርሱ የምሥራቁን የሐረርጌ ሸጎዬ አቀረቡ። በሚገባ ተጫውተውታል። ነገር ግን ያለንበት ምዕራብ ሸዋ ደጃፍ ነው፤ ከተራራው ማዶ ሰላሌ አለ። የዚህ አገር ጭፈራ ረገዳ ነው። ከልጆቹ ገሚሱ ረገዳን ከአያቶቹ ደጅ ያየ፣ በሠርግ የጨፈረ ነው። ለምን እንዳላካተቱት ስጠይቅ የቡድኑ አስተባባሪ «ለመድረክ አይመችም፤ ሰው የለመደው ያኛውን ነው» አለኝ። ሰው የለመደው የት ነው? በቴሌቪዥንና በሆቴል መድረክ። እንግዲህ የቡራዩ ልጅ የቡራዩን ጭፈራ የሚመዝነው መሐል ከተማ ባለ መድረክ ሚዛን ነው ማለት ነው። ከሱሉልታው ቁልፍ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ቃኚው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ክራር የምትጫወት አንዲት ልጅ አለች። በዝግጅቱ ወቅት ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ፤ ድምፅ ግን አይሰማኝም። ዕረፍት ሲሆን ብቻዋን ከግድግዳው ተጠግታ መምታት ጀመረች። ክራር እንደሚታወቀው አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው፣ ገበቴው በቆዳ የተለበጠ መሣሪያ ነው። በአንድ በኩል ክሮቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ መጫወት ይቻላል። በሌላ በኩል ቀኝ እጅ ሁሉንም ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን ክር እያፈኑ የሚፈለገውን ብቻ እንዲናገር ይለቁታል። ይህ ሁለተኛው ስልት ቀላል አይደለም፤ ዝም የማሰኘት ጥበብ ነውና። ልጅቷ ሁለቱንም ታውቃለች። ባቲ እየመታች ሳለ ከሚጨዋወቱት ጓደኞቿ አንዱ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ሌላው። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ይሄን ለምን መድረክ ላይ አታቀርቢውም?» አልኳት።

«በዝግጅቱ ውስጥ ክራሬ አይሰማም። ግን መታየት አለበት ይሉኛል» አለችኝ እየሳቀች።

ከሰማኋቸው አነጋገሮች ሁሉ ይህ የከነከነኝ ነው። ክራሩ ከልብሱና ከጨሌው ጋር ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ይህ የአንድ ቡድን ችግር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በየሆቴሉ የባህል ምሽት የሚታየው ይኸው ነው። ሥሩም ሩቅ ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የተደራጁት የኪነት ቡድኖች ብዙ ተሰጥኦ አፍርተዋል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ ልብስ፣ አንድ ጭፈራና ሦስት ደቂቃ የመስጠትን ልማድ ያጸኑትም እነሱ ናቸው። ሥርዓቱ ሄደ፤ ሰዓት አከፋፈሉ ቀረ።

«ድሮ» ስንት ዓመቱ ነው?

አሁን «ቀላቀሉት» ወደሚለው ክስ ልመለስ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ተሰልፈው ሲጫወቱ ስናይ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። በብዛት ግን እነዚህ መሣሪያዎች የየራሳቸው ቦታና ጊዜ የነበራቸው ናቸው። ዋሽንቱ የእረኛው ነው፤ መሰንቆው የአዝማሪው፤ እምቢልታው የቤተ መንግሥቱ። ከየክፍለ ሀገሩ ተሰብስበው በአንድ ኦርኬስትራ የመቀመጣቸው ታሪክ ሲነሳ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው። መሥራቹ ሐሊም ኤል ዳብህ የተባለ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ኋላ ቡድኑን በመምራትና ለብዙ ዓመታት በማቆየት ስሙ የሚነሳው ተስፋዬ ለማ ነው። ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ወጣት ደግሞ ከጌታመሳይ አበበ መሰንቆ ተምሮ ከቡድኑ ጋር ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ዞሯል።

ልብ እንበል፤ ይህን «ባህላዊ» የምንለውን ስብስብ ካቆሙት ሰዎች መካከል አንዱ ግብፃዊ፣ አንዱ አሜሪካዊ ነበሩ፤ ዕድሜውም ገና ስድሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዓሊ ቢራም በድሬዳዋው አፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ ተጀምሮ ለስድስት አሥርት ዓመታት ያህል በዘለቀው የሙዚቃ ሕይወቱ ኦሮምኛን ያዜመው ከዓረቡ ዓለም በመጣው ዑድ ነው። ዛሬ ዑዱን ባዕድ የሚለው ሰው የለም።

ወደ ሌላ ዓለም ብንሻገርም ታሪኩ ያው ነው። አየርላንድ ውስጥ ወጣቶች የአገራቸውን የጥንት ዜማ ከሚጫወቱባቸው መሣሪያዎች አንዱ ባንጆ ነው። ባንጆ ግን የአየርላንድ አይደለም። በባርነት ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ የተጋዙ አፍሪካውያን ከቅልና ከቆዳ የሠሩት፣ ከክራራችንም በቆዳ ፊቱ የሚዛመድ መሣሪያ ነው። አትላንቲክን መልሶ ተሻግሮ አየርላንድ የደረሰው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በተመሠረተው ደብሊነርስ በተባለው ቡድን ውስጥ የነበረው ባርኒ ማኬና አራት ክር ያለውን ባንጆ በቫዮሊን ቅኝት፣ ነገር ግን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ልብ አድርጉ፤ ቫዮሊኑ ለባንጆ አልተቃኘም። መጤው ለነባሩ ጆሮ ተቃኘ። ያኔ ባንጆ አገር አገኘ።

እዚያው አገር በክንድ እየተጫኑ አየር የሚሞሉት ባለከረጢት መሣሪያም አለ፤ የስኮትላንዱ ባግፓይፕ ዘመድ ነው። ከረጢቱ ትንፋሽ ስለሚያጠራቅም ዜማው ሳይቆራረጥ ይቀጥላል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተጫዋቾቹ እያለቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ያሉት ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። ለወጣቶቹ መጫወትን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን መሥራትና ድምፅ የምታወጣውን የሸምበቆ ልሳን መቅረጽንም አስተማሩ፤ የአሮጌዎቹን ተጫዋቾች ቅጂ አሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ ጥበቡን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መዝገቡ የመጣው ግን ልጆቹ ከተማሩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኪቦርድ ከመሰንቆ ጎን መቆሙ አያስደነግጠኝም። የሚያሳስበኝ ማን ለማን እንደተቃኘ ነው። እኛ ዘንድ መጤው ሳይሆን ነባሩ ነው ጆሮውን የለወጠው።

ሰበታ የሰማሁት

ሰበታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዓይነ ስውራኑን ትምህርት ቤት መርሐ ዕውራንን ነው፤ በጆሮ መማር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ከተማ የሚገባ ዝና ነው። እኔን የወሰደኝ ግን ከጅማ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለች አንዲት ጠጅ ቤት ናት። ሁለት ወጣቶች አሉ፤ አንዱ ክራር፣ አንዱ መሰንቆ። ኪቦርድ የለም። ለድምፅ ብቻ የምታገለግል አንዲት ትንሽ ስፒከር አለች። መሣሪያዎቹ እንዳሉ፣ ያለ ማይክሮፎን ነው የሚሰሙት። ቤቱም ሰው ተናግሮ የሚሰማባት ናት።

ባለክራሩ በኦሮምኛ ይጀምራል፤ ባለመሰንቆው በአማርኛ ይቀበላል። አንድ እንግዳ በኦሮምኛ ስንኝ ሲሰጥ ባለመሰንቆው በኦሮምኛ መለሰና ቀጥሎ ለማይሰሙት በአማርኛ አዙሮ አቀረበው። ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ባቲ ውስጥ ተቀምጠው ሳይጋፉ አደሩ። ለገሠ አብዲን በመሰንቆው ያዳመጠ ሰው ይህ መሣሪያ ኦሮምኛን ምን ያህል እንደሚያውቅ አይጠፋውም። ልጆቹ ከእሱ መንገድ ላይ ናቸው፤ ቢያውቁትም ባያውቁትም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት መጠበቃቸውን ነው። ስንኙ መሬት ሲወድቅ ባለመሰንቆው የመጨረሻዋን ድምፅ በደጋኑ ይዞ፣ እያሳነሰ፣ ሰው ስቆ እስኪጨርስ ይቆያል። ሳቁ ዘግይቶ ከአንድ ጥግ ሲመጣ፣ ማለትም ወርቁ ዘግይቶ የገባው ሰው ሲስቅ፣ እሱንም ጠበቀው። ምት የሞላ ማሽን ይህን አያውቅም።

ጉድለት የላቸውም ማለቴ አይደለም። ሙገሳቸው ይበዛል። ግንባራቸው ላይ ብር የለጠፈውን ሁሉ እስከ ጫማው ድረስ ያወድሳሉ፤ ያልለጠፈውን ደግሞ እስኪያፍር ይነካኩታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ክራሩ ቅኝቱ ወርዶ ሳለ ባለክራሩ አቁሞ አልቃኘውም። እነ ካሳ ተሰማና እነ አስናቀች ወርቁ በአንድ ክራርና በአንድ ጉሮሮ ቤት ሲሞሉ ቅኝታቸው የተስተካከለ ስለነበር ነው። ጠጅ ቤት መሆኑ ምክንያት አይሆንም። ያም ሆኖ ከሦስቱ ከተሞች ሙዚቃ ሰማሁ ብዬ የወጣሁት ከዚያች ቤት ነው።

እንጀራም አለ

አንባቢ «ለመሆኑ ልጆቹ ምን ይብሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ይገባዋል። የሱሉልታው ልጅ በሠርግ የሚጠራው ስፒከርና ኪቦርድ ባለው ሰው በኩል ነው። ውሉን የሚዋዋለው ባለመሣሪያው ነው፤ ቀን የሚቆርጠውም፣ ክፍያ የሚያካፍለውም እሱ ነው። መሰንቆ ብቻውን ይዞ የሚመጣን ሰው ለመጥራት የደፈረ የሠርግ ባለቤት አላጋጠመኝም፤ ድንኳኑ ትልቅ ነው፣ ጎረቤቱም ስፒከር አስመጥቶ ነበር። አዝማሪ ቤቶችም እየሳሱ ነው። በጭፈራና በአዝማሪ ጨዋታ ስሙን የተከለው የካዛንቺሱ ፈንድቃ እንኳ በ2017 ዓ.ም. በሠፈሩ መልሶ ማልማት ምክንያት ከኖረበት ቦታ ለመነሳት ተገዷል። ስለዚህ ልጁ ምቱን ያቁሙልኝ ብሎ ቢጨቃጨቅ ለሚቀጥለው ሠርግ ሌላ ልጅ ይጠራል።

ይህን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው ልጁን የማልከሰው። ጥያቄዬ ለጋባዦቹና ለእኛ ለተጋባዦቹ ነው። ሠርጋችን ላይ አሥር ደቂቃ ብቻ ስፒከሩ ይጥፋ ብንል ምን እናጣለን? የቡራዩዋ ልጅ ከሰባቱ ጭፈራዎች በአንዱ ፈንታ ብቻዋን ተቀምጣ አንድ ባቲ ብትመታ ማን ይነሳል? እኔ በዚያ አዳራሽ ያየሁት የገዛ ጓደኞቿ ተቀምጠው ሲያዳምጧት ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። አዝማሪ በዚህ አገር የተናቀም የተፈራም ሰው ነው። የተናቀው በሙያው፣ የተፈራው በቃሉ ነው። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ ሲያዝ የፈራው የመሰንቆውን ጩኸት አልነበረም። የፈራው አንዱ ሰጥቶ ሌላው የሚቀበለውን፣ በማግሥቱ ገበያ ላይ የሚደገመውን ሁለት መስመር ነው። ዛሬ ያንን ሁለት መስመር ለማስቆም ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ድምፅ መጨመር ይበቃል።

የቀረችው መስመር

ያን እሑድ ድንኳኑ ሲፈርስ ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ከበሩ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው መኪና ይጠብቁ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባባ፣ ቅድም ልጁ ያልሰማት ሁለተኛዋ መስመር ምን ነበረች?» አልኳቸው። መጀመሪያ ተጠራጠሩኝ። ከዚያ ከት ብለው ሳቁና ጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

ዕድሜዬን በሙሉ ካርታ ስጫወት፣
ካርታ አጥቼ ቀረሁ ለምኖርበት ቤት።

እነዚህን ከተሞች የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሸገር ከተማ በተቋቋመበት በ2015 ዓ.ም. ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ካርታ የሌለው ሰው ዶዘር በሰማ ቁጥር ከአልጋው ይነሳል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ይህች ስንኝ በቀጥታ የምትመለከታቸው ጥቂት አልነበሩም። ሰምተዋት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ቀጥሎ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

«እርስዎ ጋስ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ካርታ የላትም» አሉና ወደ መንገዱ አዩ። «አንተ ልጅ፣ የምትጽፍ ከሆነ ጻፋት። ያ ልጅ ደኅና ልጅ ነው፤ ቢሰማ ኖሮ ይመልሳት ነበር።»